በ2 ሚሊአምፔር ከድባቴ መውጣት

ከድባቴ ወጥቻለሁ። የወጣሁት ቤቴ ተቀምጬ፣ ያለ መድኃኒት፣ ግንባሬ ላይ በማስረው አንድ መሣሪያ ታግዤ ነው። ይህን ስናገር ደሴ ያሉ የሚያውቁኝ ሰዎች ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። አንዱ «ኤሌክትሪክ ጭንቅላት ላይ! አያስፈራም ወይ?» ነው። ሌላው ደግሞ «ለእህቴ ታውሺኛለሽ?» ነው። ሁለቱንም በደንብ መመለስ ስለምፈልግ ነው ይህን የምጽፈው። የፊዚክስ መምህር ነኝና አንዳንድ ቦታ ቁጥር ላበዛ እችላለሁ፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ስለ ሕመሙ። ሰው ድባቴ ሲባል ማልቀስ ይመስለዋል። እኔ አላለቀስኩም፤ ልቅሶ ቢመጣልኝ እንዴት በወደድኩ። የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዣለሁ፣ የመጀመሪያውን ልጅ የመጀመሪያ መልስ ደጋግሜ አነባለሁ፣ ግን ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብሎ መወሰን አቃተኝ። የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ነው እኮ፣ ስንት ዓመት ያስተማርኩት! ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዓይኔ ይገለጣል፣ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ምግብ እበላለሁ፣ ጣዕሙ አይታወቀኝም። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው ሌላው ሰው ብርዱን ያማርራል፣ እኔ ግን ማንም አያየኝም ብዬ እፎይ እላለሁ።

ከጦርነቱ ነው ያሉኝ አሉ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ያሳለፉትን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ለእናንተ አልተርክም። ግን ያኔ ቆሜ ነበር። ዱቄት ስፈልግ፣ እናቴን ስጠብቅ፣ ጎረቤት ሳጽናና ነው የሰነበትኩት። የወደቅኩት ሁሉም ነገር ረጋ ከተባለ በኋላ ነው። ሐኪሙ ሲሰማኝ ምንም አልገረመውም፤ ሰው ሲፋለም ቆይቶ ሲያርፍ የሚወድቅበት ጊዜ ብዙ ነው አለኝ።

ዘመድ ወዳጅ ዝም አላለም። እናቴ ዱዓ አስደረገችልኝ። የአባቴ እህት ጸበል ይዛልኝ መጣች። ወሎ ነን፣ ሁለቱም ከአንድ ቤት ይወጣል፤ ሁለቱንም እጄን ዘርግቼ ተቀብያለሁ፣ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ያደከመኝ ሌላው ነው። «ምን ጎደለሽ?» «ደሞዝ አለሽ፣ ጤና አለሽ።» «ተነሺ ተንቀሳቀሺ፣ ስንፍና እንዳይለምድብሽ።» ክፋት ኖሮባቸው አይደለም። የማይታይ ነገር ስለሆነ ነው። እግሬ ተሰብሮ ቢሆን እኮ ሾርባ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር።

ሐኪም ቤት የሄድኩት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እጄን ይዛ ወስዳኝ ነው። ሐኪሙ 9 ጥያቄ አወጣ። ባለፉት 2 ሳምንታት ፍላጎት ማጣት፣ ማዘን፣ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ራስን መውቀስ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፣ ድምሩ ከ27 ነው። የኔ ከባድ ከሚባለው ውስጥ ገባ። የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ሞት ማሰብ ነው። «ሞቼ ባረፍኩ» ብዬ አስቤ እንደማውቅ ነገርኩት። እዚህ ላይ ላቁምና ልንገራችሁ፦ አሁን ይህን የምታነቡ፣ ራሳችሁን ለማጥፋት እያሰባችሁ ከሆነ ጽሑፌን ተዉት፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩና አብሯችሁ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። የኔ መሣሪያ ሳምንታት የሚፈልግ ነገር ነው፣ ለዚያ ሰዓት አይደርስም።

መጀመሪያ አሚትሪፕቲሊን ታዘዘልኝ። አፌ ይደርቃል፣ ጠዋት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ፊት ቆሜ እንቅልፍ ያዳፋኛል። ወደ ፍሉኦክሰቲን ተቀየረልኝ፤ እሱ ደግሞ ሆዴን አልተስማማውም፣ የቀረችኝን እንቅልፍም ወሰዳት። ይህ የኔ ሰውነት ነው። በእነዚሁ መድኃኒቶች ከአልጋ ተነሥተው ሥራቸው የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ዋጋቸውም እንደኔ መሣሪያ አይደለም። ስለዚህ እባካችሁ ማንም እኔን አይቶ መድኃኒቱን እንዳይጥል። እኔም ያቆምኩት ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰልኝ ነው፤ በድንገት ማቋረጥ የራሱ መዘዝ አለው።

ስለ መሣሪያው የነገረኝ ስዊድን የሚኖረው ወንድሜ ነው። ፍሎው የሚባል፣ ማልሞ ከተማ ያለ ኩባንያ ይሠራዋል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ለድባቴ ሕክምና በቤት እንዲሠራበት ተፈቅዷል። ዋጋው የኔን የብዙ ወር ደሞዝ ይበላል፤ ወንድሜ ባይኖር አላስበውም ነበር። በመንገደኛ ከመላኩ በፊት ግን ስለ መሣሪያው የተጻፈውን አትሜ ሐኪሜ ፊት አስቀመጥኩት። ጊዜ ወስዶ አነበበው። ጭንቅላቴ ውስጥ ብረት እንዳለ፣ የሚጥል በሽታ ይዞኝ እንደሚያውቅ፣ ከልክ በላይ የመፈንጠዝና እንቅልፍ የማጣት ጊዜ ነበረኝ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ «እሞክረዋለሁ ካልሽ እኔ እከታተልሻለሁ፣ በየጊዜው እየመጣሽ እነዚህን 9 ጥያቄዎች ትመልሻለሽ» አለኝ።

መሣሪያው ሲመጣ እናቴ «መብራት ጭንቅላትሽ ላይ ልትሰኪ ነው?» ብላ ጮኸች። እንዳጋጣሚ የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ማስረዳቱ ቀለለኝ። ግድግዳው ላይ ምንም አይሰካም፣ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ነው ያለው፣ ሲሠራ ከምንም ጋር አልተያያዘም አልኳት። ስልካችሁን ቻርጅ የምታደርጉበት ነገር 1 ወይም 2 አምፔር ይሰጣል። ይህ የሚሰጠው 2 ሚሊአምፔር ነው። የአንድ አምፔር አንድ ሺኛ ማለት ነው ሚሊአምፔር።

ሰው የሚፈራው «ሾክ» የሚባለውን ነው። እሱ ሌላ ሕክምና ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. ሁለት ጣሊያናውያን ሐኪሞች፣ ቸርሌቲ እና ቢኒ፣ የጀመሩት ሲሆን ዛሬ በሆስፒታል፣ በማደንዘዣ፣ አንጎል ለአጭር ጊዜ እንዲንቀጠቀጥ ተብሎ የሚሰጥ ነው። እዚያ የሚያልፈው ወደ 800 ሚሊአምፔር ይደርሳል፣ የኔን 400 እጥፍ መሆኑ ነው። ስሙ ክፉ ሆኖ ቀረ እንጂ በጣም ለከበደ ድባቴ ዛሬም ነፍስ የሚያድን ሕክምና ነው። የኔው ግን ማንንም አያንቀጠቅጥም፣ አያስተኛም፣ ነቅታችሁ እያወራችሁ የሚያልቅ ነው።

እንዴት ነው የሚሠራው? ከግንባራችን ጀርባ በግራ በኩል ለማቀድ፣ ለመወሰን፣ አንድ ነገር ለመጀመር የምንጠቀምበት የአንጎል ክፍል አለ። ድባቴ ባለበት ሰው ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ሥራው ደካማ ሆኖ ይገኛል። የመሣሪያው ፖዘቲቭ ጫፍ በግራ፣ ኔጋቲቩ በቀኝ ግንባር ላይ ይሆናል። ከኤሌክትሪኩ ብዙው በቆዳ በኩል ተንሸራቶ ያልፋል፣ ጥቂቱ አንጎል ይደርሳል። ይህ ጥቂት የነርቭ ሴሎቹን አስገድዶ አያሠራም፤ ለመሥራት የሚያስፈልጋቸውን ግፊት ትንሽ ይቀንስላቸዋል። አንድ አዛውንት ከበርጩማ ሲነሡ ክንዳቸውን እንደመደገፍ ነው፤ የሚነሡት ራሳቸው ናቸው። በየቀኑ ሲደጋገም ለውጡ እየቆየ ይሄዳል ተብሎ ነው የሚታሰበው።

ቤት ውስጥ እንዲህ ነው የሚሆነው። ግንባሬን እታጠባለሁ፤ ቫዝሊንም ሆነ ሌላ ቅባት መኖር የለበትም፣ ቅባት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። እናቴ ይህን ስትሰማ በነጠላዋ ጫፍ ግንባሬን እያሸች መጥረግ የራሷ ሥራ አደረገችው። ከዚያ በጨው ውሃ የራሱ ሁለት ክብ ስፖንጆች መሣሪያው ላይ ይለጠፋሉ። በደሴ ጠዋት ያ ስፖንጅ ግንባር ሲነካ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ! በስልኬ ካሜራ ቦታውን መያዙን አያለሁ፣ አስጀምረዋለሁ። ኃይሉ ቀስ እያለ ይጨምራል። መጀመሪያ ያሳክከኛል፣ ቀጥሎ ውርር ውርር ይለኛል፣ ትንሽ ቆይቼ እረሳዋለሁ። 30 ደቂቃ ሲሞላ ራሱ ይቆማል። ሳወልቀው ሁለት ቀይ ክብ ግንባሬ ላይ ይቀራል፣ ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል። አንዳንድ ቀን ራሴን ያመኛል። በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት በሳምንት 5 ቀን ነው፣ ከዚያ በሳምንት 3 ቀን እያለ ይቀጥላል።

እናቴ በዚያ ሰዓት ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ጥበቃ ነበር፣ የሆነ ነገር ብሆን ነቅላ ልትጥለው። ኋላ ላይ ለቅሟ ሰዓት አደረገችው፣ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። የወንድሜ ልጆች በር ላይ ሲንጫጩ «ዝም በሉ፣ ሕክምና ላይ ናት» ትላቸዋለች። አንድ ቀን ጎረቤታችን ቡና ልትጠራን መጣችና እናቴ ድምጿን ሳትቀንስ «ልጄ ታማለች፣ ሕክምናዋን ስትጨርስ እንመጣለን» አለቻት። ታማለች። ስንት ጊዜ ሙሉ ከደከማት፣ ከደበራት፣ ሰው ካየብኝ በቀር ሌላ ነገር ያላለች እናቴ ናት ይህን ያለችው። ያን ቀን ውስጤ የተሰማኝን መግለጽ አልችልም። ሕመሜ ድንገት የሚታይ ነገር ሆነ፣ ሰዓት ያለው፣ መሣሪያ ያለው፣ ግንባር ላይ ምልክት የሚተው። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ «ተነሺ፣ ስንፍና ነው» የሚል አልነበረም። ሰው የታመመ ሰው እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል፤ መታመሜን ብቻ ነበር ያላወቁት።

ለውጡ ቶሎ አልመጣም። መጀመሪያ ላይ ምንም። ወንድሜ እየደወለ «እንዴት ነው?» ሲለኝ የምለው አጣሁ። ከዚያ አንድ ማታ ገበታ ላይ ሳላስበው «ወጡ ጨው አንሶታል» አልኩ። እናቴ እጇ መሶቡ ላይ ቀረ። ለስንት ወር የቀረበልኝን ሁሉ ዝም ብዬ ስውጥ አይታለች እኮ። ተነሥታ ጨው አመጣች፣ ምንም አላለችም፣ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ሳምንት ወዲያ እንቅልፌ እየረዘመ መጣ። የፈተና ወረቀቶቹን አንድ ክፍል በአንድ ማታ አረምኩ። ሐኪሙ ጋ ስሄድ ድምሩ ወረደ፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ ወረደ፣ በመጨረሻ ድባቴ የለም ከሚባለው መስመር በታች ሆነ።

ግን ብቻውን አልሠራም፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሐኪሙ በየቀኑ አንድ ትንሽ ነገር ጽፌ እንድሠራ አዞኛል፤ ፍላጎት እስኪመጣ አትጠብቂ፣ ሥሪው፣ ፍላጎቱ ከኋላ ይመጣል አለኝ። የስልኩ መተግበሪያም ውስጥ ተመሳሳይ ትምህርት አለ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ አመጋገብ፣ ስለ እንቅስቃሴ። እናም ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። እሑድ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ከደሴ ብርድ ወጥቶ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ብቻውን ሰውነት ይፈታል፣ የደሴ ልጅ የሆነ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጥናቶቹ ልግባ፣ ምክንያቱም የኔ ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር ሜዲስን በሚባለው መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ። 174 ሰዎች እንግሊዝ፣ ዌልስና አሜሪካ ውስጥ በየቤታቸው ሆነው ለ10 ሳምንት መሣሪያውን አደረጉ። ግማሾቹ እውነተኛው ኤሌክትሪክ፣ ግማሾቹ ደግሞ ጀምሮ ወዲያው የሚቆም የማስመሰያ ኤሌክትሪክ ነው የተሰጣቸው። በመጨረሻ ከእውነተኛው ተጠቃሚዎች 44.9 በመቶው፣ ከማስመሰያው ደግሞ 21.8 በመቶው ከድባቴ ወጡ። ጥሩ ነው። ግን በዚያው ዓመት ብራዚል ውስጥ 210 ሰዎች ላይ የተሠራ ሌላ የቤት ውስጥ ጥናት ከማስመሰያው የተሻለ ውጤት አላገኘም። ከዚያ በፊት፣ በ2017፣ እነዚያው ብራዚላውያን በ245 ሰዎች ላይ ሞክረው ኤሌክትሪኩ ከማስመሰያው ሲሻል አይተው ነበር፤ ኤስሲታሎፕራም ከሚባለው መድኃኒት ግን አያንስም ለማለት አልቻሉም። በ2023 የታተመ የጀርመን ጥናት ደግሞ ከመድኃኒት ጋር ሲደረብ ተጨማሪ ጥቅም አላየበትም። ስለዚህ «የተረጋገጠ ፈውስ» እያለ የሚሸጥላችሁ ካለ አትስሙት። ተስፋ ያለው፣ በጥሩ ሁኔታ የተመረመረ፣ ግን ሳይንሱ ገና የሚከራከርበት ነገር ነው።

እኔን ብዙ ያሳሰበኝ ያ 21.8 በመቶ ነው። ምንም ሳይሰጣቸው ከአምስት ሰዎች አንዱ በላይ ዳነ! ምን አዳናቸው? ጊዜው ራሱ አለ፣ ተስፋው አለ። በየጊዜው የሚደውልና «እንዴት ነሽ?» የሚል ሰው ነበራቸው፣ በቀን 30 ደቂቃ ለራሳቸው ይቀመጡ ነበር። እኔ ከየትኞቹ እንደሆንኩ መለየት አይቻልም። ኤሌክትሪኩ ይሁን፣ የእናቴ ምስር ለቀማ ይሁን፣ ሸዋ በር ይሁን፣ ለታመመው ሰው ለውጥ የለውም፣ ዳንኩ። ገንዘብ ለሚያወጣ ሰው ግን ለውጥ አለው። አንድ የደሴ ቤተሰብ በሬ ሸጦ ይህን መሣሪያ ያስመጣ ዘንድ አልመክርም። መጀመሪያ በከተማችን ያለው ሕክምና ይሞከር፤ ሆስፒታሉ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ መድኃኒት አለ፣ የሚያናግር ሰው አለ።

ተማሪዎቼ ደግሞ የሚጠይቁኝን ልመልስ፦ «ቲቸር፣ በ9 ቮልት ባትሪ ቤት ውስጥ አይሠራም?» አይሠራም! ቁጭ ብላችሁ አስሉት። የቆዳችሁ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙ፣ 4,500 ኦም ከሆነ 9 ቮልት 2 ሚሊአምፔር ይሰጣችኋል፣ ደስ ይላል። ግንባራችሁን አልቦት ወይም ስፖንጁ በደንብ ርሶ ወደ 1,500 ሲወርድ ግን 6 ሚሊአምፔር ሆነ። ቆዳ ደግሞ በየደቂቃው ይለዋወጣል። እውነተኛው መሣሪያ ይህን እየለካ ቮልቴጁን ያስተካክላል፣ ስፖንጁ ከለቀቀ ራሱን ያጠፋል። ባትሪና ሽቦ ይህን አያውቁም። ስፖንጁ በአንድ ጎን ሲደርቅ ኤሌክትሪኩ ሁሉ በአንዲት ነጥብ ያልፍና ቆዳን ያቃጥላል። ፊታችሁ ላይ ነው የምትጫወቱት።

የማላውስበትም ምክንያት ከዚሁ ጋር ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው ማድረግ የለበትም። በጦርነቱ ፍንጣሪ የቀረበት ሰው በየሰፈሩ እንዳለ እናውቃለን፣ አንዳንዱ ራሱም አያውቅም። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ የልብ ምት መሣሪያ የተገጠመለት፣ ስሜቱ አንዴ ከጣሪያ በላይ አንዴ ከወለል በታች የሚሆን ሰው ሁሉ ሐኪም ሳያየው መንካት የለበትም። ይህን እኔ አይቼ ልለይ አልችልም።

ጎረቤታችን፣ ያቺ ቡና የጠራችን፣ ባለፈው ለልጇ ብላ መጣች። ልጅቷ ወልዳ አራስ ቤት ናት፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። «ያንቺን ብታውሺን» አለችኝ። መሣሪያውን አልሰጠኋትም። ልጅቷን ይዘን፣ ሕፃኑንም አዝለን፣ ሦስታችን ሆስፒታል ሄድን። ተሰልፈን ጠበቅን፣ ወረፋው ረጅም ነበር። የሳይካትሪ ነርሷ እነዚያን 9 ጥያቄዎች ስትጠይቃት እናትየው አጠገቧ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። ሲጨርሱ «ይሄ ሁሉ ሕመም ነው እንዴ?» አለች። ነርሷ «አዎ እትዬ፣ የሚታከም ሕመም ነው» አለቻት። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው፣ ከክፍል ስወጣ አብሬያቸው እሄዳለሁ።